ከአባባ ስም ሥር

ለምወድህ ወንድምዓለም፣ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኛ ደህና ነን፤ አባባም አለ።

አባባ እንጨት ላይ ቀርጾ በወረቀት ያተማቸውን፣ በእርሳስ የፈረመባቸውን ሥዕሎች በኢንተርኔት ጨረታ መሸጥ ጀምሬአለሁ። ጨረታውን በቅጽል ስም እየገባ የሚያሸንፈው ማን መሰለህ? አድራሻውን ሲልክልኝ የአባባ የድሮ አለቃ ሆኖ አረፈው። ያ በሌሎቹ ቅጂዎች ላይ የአባባን ፊርማ እየፋቀ የራሱን ሲያኖር የኖረው ሰውዬ። አሁን ጉዱ እንዳይወጣ ማስረጃውን እየለቀመ ነው። ይልቀም፤ የሁሉም ፎቶ ከነፊርማው በጨረታው ገጽ ላይ ተለጥፏል።

የመጀመሪያዋን ጠቅልዬ በካርቶን ቱቦ አሸግኋትና ተፈርሞ በሚወሰድ ፖስታ ላክሁለት። ላኪ በሚለው ቦታ የአባባን ሙሉ ስም በጉልህ ጻፍኩ። ፖስተኛው እንደነገረኝ ሰውዬው ስሙን ሲያይ ላብ በላብ ሆነ።

«ሳልፈርም አልወስደውም?»

«ከላኪው ስም ሥር ካልፈረሙማ ይዤው እመለሳለሁ።»

ፈረመ። ሠላሳ ዓመት ሲፍቀው ከኖረው ስም ሥር ፈረመ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ለአባባ ስነግረው ሳቀ። ሻዩን አሁን በሁለት እጁ ነው የሚይዘው፤ እኔም ግማሽ ብቻ እቀዳለታለሁ። ያልፈረመባቸው አሥራ ሁለት ሥዕሎች አሉ። ጠዋት ጠዋት እርሳስ ቀርጬ አጠገቡ አኖራለሁ፤ «ነገ» ይለኛል፤ ማታ ጫፉ እንደሾለ አነሳዋለሁ።

የተፈረሙት ሁለት ቀርተዋል። አንዷን ለሰውዬው ጨረታ ላይ አወጣታለሁ፤ ደግሞ ይፈርም። ሁለተኛዋን ግን በፖስታ አልልክም። ያንተ ናት፤ መጥተህ ከእጁ ተቀበል። የምትመጣበትን ቀን ጻፍልኝ።

ዓይንህን ለማየት የምትጓጓው እህትህ