ከሕይወት ታሪክሽ ያስቀረሁት መኪና

ትርሲትዬ፣

ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት አለፈ። "ደህና ነኝ" ብዬ ብጀምር አታምኚኝም፤ ይህን መልስ ከእኔ ተቀብለሽ አታውቂም። ስለዚህ በዝርዝር ልንገርሽ። የዓይኔ ሞራ ተገፎልኛል፤ የመንገዱን ስም አሁን ከሩቅ አነባለሁ። ጉልበቴ ግን ደረጃ ላይ ያስቸግረኛል። ደጃችን የነበረውን ትልቁን ዛፍ የካውንቲው አስተዳደር ስለቆረጠው ሳሎኑ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ነው፣ መጋረጃሽም ደብዝዟል። ናሆም ጀርመንታውን የሚባል ከተማ ቤት ገዝቶ ከሥሩ ያለውን ቤዝመንት ለእኔ አሳድሶታል። በየሳምንቱ ኮል ያደርግና "አባዬ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ብቻህን ምን ትሠራለህ?" ይለኛል። "እስቲ እናያለን" እለዋለሁ። ልጅሽ ይህ እምቢታ መሆኑ እስከ ዛሬ አልገባውም።

ይህን ደብዳቤ ጽፌ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ እችል ነበር። ሰው ሁሉ እንዲያነበው የማደርገው፣ የሠራሁትን ስሕተት ሰው ሁሉ ስለሰማው ነው። ስትቀበሪ በቤተ ክርስቲያን የተነበበውን የሕይወት ታሪክሽን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የተወለድሽበትን ሰፈር፣ የተማርሽበትን፣ የተጋባንበትን፣ ዲቪ ደርሶሽ እኔንና ናሆምን ይዘሽ የመጣሽበትን፣ ፓርኪንግ ውስጥ የሠራሽበትን፣ በማኅበር ያገለገልሽበትን ዘመን አንድም ሳላዛንፍ አስቀምጬዋለሁ። መኪናሽን ግን አላነሣሁም። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ትርሲት የምትባል ሴት ትወለዳለች፣ ትማራለች፣ ታገባለች፣ ትሠራለች፣ ትሞታለች። ቅዳሜ የላትም። ያንን ላርም ነው የተነሣሁት።

ጽሑፉን ሰምተው አንቺን በሌላ የማያውቁሽ አሉና ከመጀመሪያው ልናገር። ዋሽንግተን፣ አዳምስ ሞርጋን ሰፈር በነበረው ፓርኪንግ ካሸር ሳለሽ፣ በየጠዋቱ አንድ ትልቅ ጥቁር የአሜሪካ መኪና የሚያቆሙ ሽማግሌ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ መኪናውን ለአንቺ ሸጡልሽ። ናሆም ሃይስኩል የገባበት ዓመት ነው። እኔ ደጅ ቅጠል እየጠረግኩ ነበር፤ መኪናውን ከማየቴ በፊት ፉጨቱን ሰማሁ። ለማያውቅ ላስረዳ፤ ተርቦ ማለት ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ እያሽከረከረው ለሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚግት መሣሪያ ነው። መኪናው መጀመሪያ ያመነታል፣ ቀጥሎ ያፏጫል፣ ከዚያ ወንበሩ ጀርባን ይገፋል። አንቺ ይህን ሁሉ በደስታ ስትነግሪኝ እኔ የጠየቅኩሽ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ "ስንት ሰው ይይዛል?"

ገዛኸኝን የማኅበራችን ሰዎች በአበልጅነቱ ያውቁታል፤ ሴት ልጁን ክርስትና ያነሣሽለት አንቺ ነሽ። በዚያው ፓርኪንግ የደንበኞችን መኪና የሚያስገባና የሚያስወጣ ሠራተኛ እንደነበር፣ ከሥራ ውጭ ደግሞ ነጭ የጃፓን መኪና እንደሚነዳ የሚያውቁ ግን ጥቂቶች ናቸው። ትንሽ፣ ቀላል፣ እሷም ባለ ተርቦ። ገዛኸኝ ያንቺን "ጎሽ" ይለዋል፣ አንቺ የእሱን "ትንኝ" ትያታለሽ።

"አበልጅ፣ ያ ጎሽሽ ከእንቅልፉ እስኪነቃ እኔ ድልድዩን ተሻግሬ አሌክሳንድሪያ ቤቴ ምሳዬን በልቻለሁ" ይልሻል።

"አንተ ይልቅ ትንኝህን አጥብቀህ ያዛት፣ ንፋስ ይወስዳታል።"

"የጃፓን ሥራ ነው እኮ። በትንሽ ነዳጅ የት ትደርሳለች መሰለሽ።"

"የኔን ነዳጅ ተወውና ቅዳሜ የኋላ መብራቴን በደንብ እየው።"

መኪና መንገድ ላይ አንድም ቀን አልተሽቀዳደማችሁም፤ ይህንን ሕግ ያወጣሽው አንቺ ነሽ። ውድድሩ ደቡብ ሜሪላንድ ባለው የመኪና መሽቀዳደሚያ ሜዳ ነበር፤ ሁለት መኪና ጎን ለጎን ቆሞ፣ አረንጓዴ ሲበራ ቀጥ ባለው አጭር መንገድ መፈትለክ። ሑዳዴ ሲገባ "መኪኖቹም ይጾማሉ" ብለሽ ታቆሚያለሽ። የተሸነፈ ሰው እሑድ ከቅዳሴ መልስ የአሸናፊውን መኪና በገዛ እጁ ያጥባል። ገዛኸኝ ነጭ ልብሱን እንደለበሰ እጅጌውን ጠቅልሎ ሲፈትግ፣ አንቺ ደረጃው ላይ ተቀምጠሽ "ጎማው ሥር ቀረ አበልጅ፤ እዚያ ጋ ድገመው" ስትይው በመስኮት እሰማ ነበር። ስትሸነፊ ደግሞ ባልዲሽን መኪናሽ ውስጥ ጭነሽ አሌክሳንድሪያ እሱ ቤት ትሄጃለሽ፤ እጅሽ ሳሙና ሳሙና እየሸተተ ትመለሻለሽ።

በዚህ ሁሉ እኔ በመስኮት በኩል ነበርኩ።

ሰዎች በትዕግሥቴ ያመሰግኑኛል። ሌላ ባል ቢሆን ይከለክላት ነበር ይላሉ። እውነት ነው፣ አንድም ቀን አልከለከልኩሽም። ትዕግሥቴ ምን እንደነበረ ግን እኔና አንቺ እናውቃለን። መምህር ነኝና፣ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሥዕል የሚሥል ተማሪ ሲገጥመኝ አልቆጣም፤ እስኪሰለቸው እጠብቃለሁ። አንቺንም የጠበቅኩሽ እንደዚያ ነው። አፍሬብሽ ነበር፣ ትርሲት። በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የማኅበራችን ሴቶች "ትርሲት የት ሄደች?" ሲሉኝ "ሥራ ገብታ ነው" እል ነበር። አንድ ጊዜ ከኋላዬ ቆመሽ ሰማሽኝ። ቤት ልንደርስ ስንል ብቻ "ቅዳሜ እኮ ሥራ የለኝም፣ ታዬ" አልሽኝ።

አርብ ማታ፣ ራት ስናነሣ፣ "ነገ ትመጣለህ?" ትይኝ ነበር። መልሴን ናሆም ያውቀዋል፤ "እስቲ እናያለን"። ለዓመታት ጠየቅሽኝ፣ ከዚያ መጠየቅ አቆምሽ። ማቆምሽን ያወቅኩት በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው አርብ ሲሆን፣ የተሰማኝ እፎይታ ነበር። ከሠራሁት ሁሉ ዛሬ የሚከብደኝ ያ እፎይታ ነው።

አንድ ቀን ብቻ ልታሳዪኝ ሞክረሻል። ከሐኪም ቤት ስንመለስ ከተማውን የሚዞረው ትልቁ መንገድ፣ ቤልትዌዩ፣ ባዶ ሆኖ አገኘነው። መኪናው ማፏጨት ሲጀምር ፊትሽ ሲበራ አየሁ፤ እኔም "ቀስ በይ" አልኩሽ። ወዲያው እግርሽን አነሣሽ። ወደ ቀኙ መስመር ገብተሽ፣ ቤት እስክንደርስ በእኔ ፍጥነት ነዳሽኝ። አላኮረፍሽም። ስለ ናሆም ፈተና አወራሽኝ።

ከዚያ ያ ማክሰኞ መጣ። በጠዋት ደህና ወጥተሽ ከሰዓት በኋላ በአምቡላንስ ተወሰድሽ፣ ሳንነጋገር ሄድሽ። የሕይወት ታሪክሽን ስጽፍ ናሆም ረቂቁን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አነበበው። አማርኛው ከብዶት ጣቱን እያስከተለ እስከ መጨረሻው ሄደና በእንግሊዝኛ "አባዬ፣ መኪናውስ?" አለኝ።

"ቤተ ክርስቲያን ነው የሚነበበው" አልኩት።

ወረቀቱን መለሰልኝ። ስለዚህ ዘነጋሁት ማለት አልችልም።

በቀብርሽ ቀን ከኋላ የማላውቃቸው ሰዎች ቆመው ነበር። በኋላ እንደሰማሁት ሪቨርዴል ፓርክ ከሚባል ከተማ የመጡ ወጣቶች፣ ባለ ነጭ ጢም አንድ ሽማግሌ፣ ከልጇ ጋር የመጣች አንዲት ሴት። አማርኛ ስለማይሰሙ ገዛኸኝ መካከላቸው ቆሞ በሹክሹክታ ይተረጉምላቸው ነበር። አንድ ጊዜ ፈገግ ሲሉ አየኋቸው፤ ከእኔ ጽሑፍ የትኛው ዓረፍተ ነገር ፈገግ እንደሚያሰኝ አልገባኝም ነበር።

ከአርባሽ በኋላ ገዛኸኝ ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣት ጀመረ። ተርቦ ያለው መኪና ዝም ብሎ መቆም የለበትም ብሎ ያንቺን ያስነሣል፣ ሞተሩን ያሞቃል፣ ይሄዳል። አንድ ቀን ውኃ ሳቀርብለት ምን ተርጉሞላቸው እንደነበር ጠየቅኩት። ውኃውን ጠጥቶ ብርጭቆውን መለሰልኝ።

"እውነቱን ልንገርዎት ጋሼ? ጽሑፍዎ ያምር ነበር። ግን አበልጄን ፈልጌ አጣኋት። ስለዚህ ስለ መኪናው ከራሴ ጨምሬ ተረጎምኩላቸው።"

አየሽ፣ አማርኛ የማይሰሙት እውነተኛውን ታሪክሽን ሰምተው ወጡ። አማርኛ የምንሰማው ሁሉ ጎዶሎውን ይዘን ቀረን።

በዚያው ቅዳሜ ወደ ሜዳው ይዞኝ ሄደ። ማንንም የማላውቅ መስሎኝ ነበር፤ እነሱ ግን ያውቁኛል። ባለ ነጭ ጢሙ ሽማግሌ እጄን ጨብጠው "ቢጫ ሲበራ የሚቆሙት መምህር እርስዎ ነዎት?" አሉኝ። ለአንዱ ወጣት ደግሞ ስንት ተማሪ እንዳስተማርኩ፣ ተማሪዎቼ ዛሬም እንደሚደውሉልኝ ነግረሽው ነበር። እኔ አዳራሹ ውስጥ ስደብቅሽ፣ አንቺ እዚያ በእኔ ትኮሪ ነበር። ቆሜ መስማት አቃተኝና የገዛኸኝ መኪና ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ።

አሁን ደግሞ የባሰውን ልንገርሽ። ደስ አለኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜም ሄድኩ፣ በሚቀጥለውም። በትንኟ ውስጥ ከገዛኸኝ ጎን ተቀምጬ፣ ተርቦው ሲይዝ ጀርባዬ ወንበሩ ላይ ተለጥፎ፣ በሳቅ ፈረስኩ። ለአንቺ የነፈግኩሽን ለተፎካካሪሽ ሰጠሁት። ስስቅ አንቺን እያሰብኩ ነው፤ ይህ ግን ጥፋቴን አያቀልልኝም። መኪናሽን ግዛው ብዬው ነበር፤ "ተቃዋሚዬን ገዝቼ ከማን ጋር ልሽቀዳደም?" አለኝ። እምቢ ሲል ራሴ መንዳት ጀመርኩ። ሜዳው ባዶ ሲሆን ጥቂት በጥቂት አለማመደኝ፤ መመሪያውንም ሁሉ አነበብኩት።

ባለፈው ቅዳሜ ጎሹን ይዤ ከእሱ ጎን ቆምኩ። አረንጓዴ በርቷል ብዬ እስካረጋግጥ ነጭ መኪናው ትንሽ ነጥብ ሆና ነበር። መጨረሻው ላይ ስደርስ ገዛኸኝ ከመኪናው ወርዶ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል።

"ምነው፣ መንገድ ጠፋብሽ እንዴ?" አለኝ። ወዲያው ደነገጠና "ይቅርታ ጋሼ፣ አበልጄ መሰለችኝ" አለ። ከሞትሽ ወዲህ በማንም ላይ ሲቀልድ የሰማሁት ያኔ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ገዛኸኝ የራሱን መኪና እኛ ደጅ አቁሞልኝ እኔ ማጠብ ያዝኩ። ከማኅበራችን እትዬ ዘነበች በዚያ ሲያልፉ መኪናቸውን አቁመው መስኮቱን አወረዱ።

"መምህር፣ ምን እየሠሩ ነው?"

"ተሸንፌ ነው።"

"በምን?"

ጨርቁን ባልዲው ላይ አስቀምጬ ነገርኳቸው። ስለ ጥቁሩ መኪና፣ ስለ ቅዳሜዎቹ፣ ስለ እኔ ውሸት። "ትርሲት? የኛ ትርሲት?" አሉ። ከዚያ ሞተሩን አጥፍተው ወረዱ፣ አጠገቡ የቆመውን ጎሹንም ዞረው ዞረው አዩት። ይነቅፉሻል ብዬ ነበር፤ እኔ ለዓመታት የፈራሁት ያንን ነው። እሳቸው ግን ዓይናቸውን እየጠረጉ "እንዲህ ያለ ነገር እያላት ለምን አልነገሩንም?" አሉኝ። ይህ ደብዳቤ የተጀመረው በዚያ ምሽት ነው።

ከሕይወት ታሪክሽ የጎደለው አንቀጽ እንግዲህ ይህ ነው፦

"ወይዘሮ ትርሲት ጥቁር፣ ባለ ተርቦ የአሜሪካ መኪና ነበራቸው። ከሑዳዴ በስተቀር ቅዳሜ ቅዳሜ ከአበልጃቸው ከአቶ ገዛኸኝ የጃፓን መኪና ጋር ይሽቀዳደሙ ነበር። ብዙ ጊዜ አሸንፈዋል። በተሸነፉ ጊዜም የአበልጃቸውን መኪና በእጃቸው አጥበዋል። በሜዳው የሚያውቋቸው ሁሉ ይወዷቸው ነበር። ባለቤታቸው አንድም ቀን ሄደው አላዩዋቸውም።"

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ናሆም አውጣው ብሎኝ ነበር። አላወጣሁትም። በሚመጣው ሙት ዓመትሽ ይህን አንቀጽ እኔው ቆሜ አነበዋለሁ፤ በአማርኛ አንብቤ ስጨርስ፣ ከኋላ ለሚቆሙት ደግሞ በእንግሊዝኛ እደግመዋለሁ። ገዛኸኝ ከራሱ የሚጨምረው ነገር አይኖርም። እሱም እንደ ሌላው ሰው ተቀምጦ ስለ አንቺ ይሰማል።

ባለቤትሽ ታዬ