ማርጎ ሳታየው ያወቀችው ግቢ

ውድ እህቴ ሮዝሊን፣

ከሞትሽ አሥራ አምስት ዓመት ቢያልፍም የቤታችንን ወሬ መጀመሪያ የምነግረው ላንቺ ነው። ልጅሽ ማርጎ ኮሌጅ ልትገባ ነው። ከኦሃዮ ልትወጣ መሆኑን የሰማ ሁሉ አኩርፏል፤ ጸጉር ሠሪዬ ባርብ እንኳ ጸጉሬን ግማሽ ላይ ትታ ስለዚሁ ስትሟገተኝ ዋለች።

የቀሯት ሁለት ቦታዎች ናቸው። የአላባማው ዩኒቨርሲቲ ለጎበዝ ተማሪ በሚሰጠው ስኮላርሺፕ ክፍያዋን ሙሉ በሙሉ ሊችልላት ነው። የቨርሞንቱ ኮሌጅ ግማሹን ብቻ። አዎ፣ ያው ያንቺው ኮሌጅ። እዚያ መማርሽን ለማርጎ ነግሬያት አላውቅም። ምን ብዬ ልንገራት? ገና በሦስተኛው ወርሽ ደውለሽ፣ «ዊኒ፣ ነይና ውሰጂኝ። እዚህ ሄጄበት የማላውቀውን መንገድ ሁሉ አውቀዋለሁ» አልሽኝ። ቀኑን ሙሉ ነድቼ መጣሁ። አገጭሽ በፋሻ ተሸፍኖ፣ «ቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ ወድቄ ነው» አልሽኝ። ከዚያ ወዲያ ነገሩን አንስተነው አናውቅም።

ሁለቱንም ሄደን ጎበኘን። አላባማ ፀሐይ ነበር፤ ምግቡም ጥሩ። ማርጎ አመስግና መኪና ውስጥ ተኛች። ቨርሞንት ግን ገና ከበሩ ስንገባ መንገድ ሳትጠይቅ ቀድማኝ ሄደች።

የሚያስጎበኘን ተማሪ ዴክስተር ይባላል፤ እንደ አስጎብኚዎች ልማድ ፊቱን ወደ እኛ አድርጎ የኋሊት ይራመዳል። «እስካሁን የመታኝ አንድ ዛፍ ብቻ ነው፤ እሱንም ይቅርታ ጠይቄዋለሁ» ብሎ አሳቀን። ቤተ መጻሕፍቱ ጋ ስንደርስ ማርጎ ክንዱን ያዘችው።

«ቀስ በል፣ ከኋላህ ደረጃ አለ።»

ዞር ቢል ሜዳ ነው፤ ሣር ብቻ። «በይ አስደነገጥሽኝ» ብሎ ሳቀ። አጠገባችን ቅጠል የሚጠርጉት ሽማግሌ ግን መጥረጊያቸውን አቆሙ።

«ደረጃው ከፈረሰ ሃያ ዓመት አለፈው» አሉ፣ እሷን እያዩ።

እኔ ያየሁት አገጯን ነበር፣ ሮዝሊን፤ ያንቺ ፋሻ የነበረበትን ቦታ።

ስንመለስ፣ «አክስቴ፣ አላባማ ምንም አይወጣለትም። እዚህ ግን ሲጠብቁኝ የቆዩ ነው የሚመስለኝ» አለችኝ። ሙሉ ክፍያ እምቢ ይባላል ወይ ብዬ ለሳምንታት ሞገትኳት። እውነተኛውን ምክንያት ግን ዋጥኩት።

የመወሰኛው ቀን ሜይ አንድ ነው፤ ልጆቹ የመረጡት ኮሌጅ ስም ያለበትን ሹራብ ለብሰው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። በዚያ ጠዋት ቁርስ ላይ አላስችል አለኝና ስልኩንም፣ ፋሻውንም፣ ሁሉንም ዘረገፍኩላት።

«እማዬ ፈርታ ነው የወጣችው?»

«አዎ።»

«ብቻዋን ስለነበረች ነዋ» አለች። «እኔ ብቻዬን አልሆንም።»

እኔን ማለቷ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁላት። ዓይኗ ግን ከትከሻዬ በላይ፣ ከኋላዬ ነበር። ፈገግ አለች። ዞሬ አላየሁም፤ ፈሪ በይኝ። ከዚያ ሹራቧን ልትለብስ ፎቅ ወጣች። አረንጓዴውን ለብሳ ወረደች፤ የቨርሞንቱን።

ኦገስት ላይ ራሴ ነድቼ አደርሳታለሁ። በዚያን ጊዜ አንቺን የወሰድኩበት በር ላይ አወርዳታለሁ፤ የምገባው ግን እስከ በሩ ብቻ ነው። እዚያ ካለሽ ልጅሽን መንገዱን አሳዪያት፣ ደረጃው ጋ ያዥልኝ። አራት ዓመት ሲሞላ ግን ተመልሼ እመጣለሁ። ያን ጊዜ ልቀቂያት።

ደጅ ላይ ሆና የምትጠብቅሽ፣
ዊኒ