ስምንት የሚለው ንድፍ

ጋብሮቮ፣ ዓርብ ከሰዓት

ውድ ጋሽ ጌንቾ፣

እርስዎ ከሞቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነ፤ እኔም ጡረታ ከወጣሁ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። እጄ ግን አርፎ አልቀመጥ ብሏል። ትናንት ቁርስ ላይ የዳቦውን ውፍረት ስለካ ባለቤቴ ስታንካ ያዘችኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ዳቦ በካሊፐር ይለካል እንዴ? ወይ ብላው ወይ ወደ ፋብሪካህ ሂድልኝ!» አለች። የፈራሁት ግን ወደ ፋብሪካው መሄዱን ነበር።

የድስት ክዳን የምናወጣበትን ቅርጽ ማውጫ መቼም አይረሱትም። በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ክፍተት በንድፉ ላይ ስምንት መቶኛ ሚሊሜትር ይላል፤ እርስዎ የሠሩት ግን በአሥራ አንድ ነበር። ይህንን ለማንም ሳይነግሩ ሄዱ። «አንዷን ልክ ጭንቅላትህ ውስጥ አስቀር፤ ሁሉን ከሰጠሃቸው ነገ በሩን ያሳዩሃል» ይሉኝ አልነበር? የእርስዎ ማውጫ በሥራ ብዛት ተበልቶ ሲያልቅ እኔ አዲሱን በንድፉ መሠረት ሠራሁ፤ ክዳኑ ሁሉ ጠርዙ ላይ እየተቀደደ ወጣ። ልኩን እስካገኘው ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ይቅር ይበሉኝና ያኔ ረግሜዎታለሁ። ካገኘሁት በኋላ ግን እኔም ዝም አልኩ።

አሁን በእኔ ቦታ የምትሠራው ኔቬና ናት፤ ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ፣ የሞረድ አያያዟ እርስዎን የሚያስታውሰኝ። አዲስ ቅርጽ ማውጫ እንድትሠራ ታዝዛ፣ ባለፈው ሳምንት ቤቴ ድረስ መጣች። «ጋሽ ዶብሪ፣ ንድፉን አንድም ሳላዛንፍ ነው የሠራሁት፤ ለምን ይቀደድብኛል?» አለችኝ።

«ቆርቆሮው ይሆናል» አልኳት።

ዋሸኋት። አለቃው እስከ ሰኞ ካልተስተካከለ እንደሚያሰናብታት ነግሯታል። ከዚያ ወዲህ እህል አልበላ አለኝ፤ ቁጭ ስል እነሳለሁ፣ ስነሳ መሄጃው ይጠፋኛል።

ዛሬ ጠዋት ሄድኩ። ንድፉን አስወጥቼ ስምንቱን ሰርዤ አሥራ አንድ ጻፍኩ። አለቃው ፊቱ ቀልቶ «ይህን ሁሉ ዘመን ስታሾፉብን ነበር ማለት ነው?» አለ።

«አዎ» አልኩት።

ኔቬና አላመሰገነችኝም። ንድፉን ትክ ብላ አይታ «ሌላ ስንት አለ?» አለች ብቻ።

ሠላሳ አራት ነበር። እውነተኛዎቹን ልኮች የጻፍኩበትን ደብተሬን ከኪሴ አውጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ እስከ ምሳ አሥራ ሁለቱን አረምን። የቀረውን ሰኞ እንጨርሳለን። በእያንዳንዱ እርማት ሥር የእርስዎንና የእኔን ስም በእርሳስ ጽፌያለሁ፤ የእርስዎ ከላይ ነው። ካልወደዱት መጥተው ያጥፉት፤ ላጲሱ እዚያው መሳቢያዎ ውስጥ ነው።

ሞረድዎን እስካሁን ያልመለሰው
ዶብሪ