ስለ አራቱ ግድግዳዎች ለሬጅስትራሩ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የምሥራቅ ናይሮቢ የሱቅ አከራዮችና ተከራዮች ክርክር ሰሚ ጉባኤ ዋና ሬጅስትራር፣
ናይሮቢ፤ ፪ሺ፱ እ.ኤ.አ.

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም መሥሪያ ቤትዎ በብዙ ድካም ላስገባው አዲስ የኮምፒውተር ሥርዓት ሙሉ ጤንነትን እመኛለሁ። ሥርዓቱን ለይቼ ማንሳቴ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ከሁላችንም ቀድሞ የሚታመመው እሱ መሆኑን ስለማውቅ ነው።

ደብዳቤውን በአማርኛ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ። የደንብዎ አንቀጽ አራት፣ ሰነድ በተመዘገበው የኢሜይል አድራሻ ተልኮ ከተከፈተ ለተከራካሪው እንደደረሰ ይቆጠራል ይላል እንጂ ተከራካሪው ያንብበው፣ ይግባው፣ ወይም በሕይወት ይኑር አይልም። ስለዚህ ይህን ከከፈቱ ደርሶዎታል፤ መረዳቱ የእርስዎ የግል ጉዳይ ይሆናል።

የምጽፍልዎ ስለ ወይዘሮ ጽጌረዳ ተክሉ ነው። ወይዘሮ ጽጌረዳ ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት አላቸው፤ የፓስፖርቱንም፣ የስደተኛ ወረቀቱንም፣ የሠርጉንም ፎቶ የምንነሳው እሳቸው ዘንድ ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሁለት ልጆች የሚያሳድጉት በዚያች ሱቅ ሲሆን ሱቋ ከተወሰደች ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም። አከራያቸው ቦታውን ለሞባይል ነጋዴ መስጠት ስለፈለጉ፣ «ተከራይዋ ያለ ፈቃድ ግድግዳ ሠርታለች» ብለው ለጉባኤዎ አመለከቱ። ግድግዳ የተባለው ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ ነው። አብዛኞቻችን ከፊቱ ቆመን ተነስተናል፤ በሩ ተከፍቶ ነፋስ ሲገባ ፏፏቴው ወደ ጎን ይፈስሳል።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩. ሥርዓትዎ ለእያንዳንዱ ተከሳሽ የቤተሰብ ስም ይፈልጋል። እኛ ኢትዮጵያውያን የቤተሰብ ስም የለንም፤ ከስማችን ቀጥሎ ያለው የአባታችን የራሱ ስም ነው። ሥርዓቱ ግን ለዚህ ሳይበገር መጥሪያውን «ለሚስተር ተክሉ» ብሎ አዘጋጀ። የወይዘሮ ጽጌረዳ አባት አቶ ተክሉ ነቀምት ውስጥ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። የገዛ ዘመዶቻቸው እንኳ በረሷቸው ጊዜ አንድ የኬንያ መሥሪያ ቤት አስታውሶ በክብር ስለጠራቸው ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል።

፪. መጥሪያው የተላከበት አድራሻ የአብዱልአዚዝ ነው። አብዱልአዚዝ ከፎቶ ቤቱ ጎን ኢንተርኔት ቤት አለው፤ በሕንፃው ያለ ሐበሻ ሁሉ ቅጽ ሲሞላ ኢሜይል በሚለው ቦታ የሚያስገባው የእሱን አድራሻ ነው። እሱም ጠዋት ጠዋት የመጣውን ሁሉ ይከፍታል፣ ያትማል፣ ስሙን እያየ ለየባለቤቱ ያደርሳል። ብዙ ሰው በዚህ መንገድ ለቃለ መጠይቅ ተጠርቷል፤ ሁለት ሰዎችም ተጋብተዋል። የእርስዎን መጥሪያ እንደከፈተ፣ ሥርዓትዎ ለተከሳሹ መድረሱን መዘገበ። አብዱልአዚዝ ስሙን ሲያይ ደግሞ በሕንፃው ተክሉ የሚባል አንድ ሰው ብቻ አለ፦ ላይኛው ፎቅ አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚኖሩት፣ የስልክ ካርድ የሚሸጡት፣ እሑድ እሑድ በቸርቻቸው የሚዘምሩት አቶ ተክሉ ባልቻ።

«ጋሼ ተክሉ፣ ተከሰዋል» አላቸው።

«በምን?»

«በግድግዳ።»

«ምን ግድግዳ አለኝ እኔ? ተከራይ ነኝ እኮ!»

«እሱን ለዳኞቹ ይንገሯቸው፤ እኔ ማድረስ ነው ሥራዬ።»

አብዱልአዚዝ ሥራውን ከመሥሪያ ቤትዎ ባልደረቦች ባላነሰ ትጋት የሚሠራ ሰው መሆኑን ከዚህ ይረዱልኛል።

፫. አቶ ተክሉ ወረቀት ያከብራሉ። በሰው አገር የሚኖር ሰው የመንግሥት ማኅተም ያለበትን ነገር ችላ አይልም። በቀጠሮው ቀን ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከሁሉም ቀድመው ተገኙ። የጉባኤው ሰብሳቢ «ግድግዳው አለ ወይስ የለም?» ሲሏቸው፣ ስለሚኖሩባት ክፍል የተጠየቁ መስሏቸው «አዎ ጌታዬ፣ አራት አሉ» ብለው መለሱ። በመዝገቡ ላይ፣ ተከሳሹ በማመልከቻው ከተጠቀሰው አንድ ግድግዳ ሌላ ሦስት መኖራቸውን በገዛ ፈቃዱ አምኗል ተብሎ ተጻፈ። ጉባኤው ስለ ቅንነታቸው አመስግኖ ሱቁን እንዲለቁ ወሰነባቸው። ያልተጠየቀውን ጭምር የሚያምን ተከሳሽ በየቀኑ አይገኝምና ደስታችሁ ይገባኛል።

፬. ወይዘሮ ጽጌረዳ መከሰሳቸውንም መረታታቸውንም የሰሙት አቶ ተክሉ የችሎት ውሏቸውን ደረጃው ላይ ቆመው ሲያወሩ ነው። ወዲያው አስተርጓሚ ይሆነኛል ብለው እኔን ይዘው ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጡ። ጸሐፊዎ በእውነት ጨዋ ሴት ናቸው። ወይዘሮዋ ተከሳሿ እሳቸው መሆናቸውን ቢያስረዱ፣ ጸሐፊዋ ስክሪኑን አይተው «ሚስተር ተክሉ ቀርቦ አምኗል» አሉ።

«እኔ ሚስተር እመስላለሁ?»

«ማማ፣ እኔማ አያለሁ። ሲስተሙ ነው የማያየው።»

አንድ ጊዜ የተወሰነ ነገር በሲስተሙ ሊነካ እንደማይችል ነግረውን፣ «ፖሌ ሳና»፣ በጣም ይቅርታ፣ እያሉ ከልባቸው አዝነውልን እስከ በሩ ሸኙን። ሌላ መሥሪያ ቤት ቢሆን ኖሮ ሳያዝኑልን ነበር የሚመልሱን።

፭. የማስለቀቂያው ትእዛዝም በዚያው አድራሻ፣ ለዚያው ሚስተር ተክሉ መጣ። የያዙትን ቤት በሳምንት ውስጥ ለቀው፣ መልቀቃቸውን በመልስ እንዲያረጋግጡ ያዛል። አቶ ተክሉ ፍራሻቸውን መጠቅለል ጀመሩ። ሁላችንም ለመንናቸው፤ ጉዳዩ የወይዘሮ ጽጌረዳ እንጂ የእሳቸው አለመሆኑን አስረዳናቸው።

«ስሜ ተጽፎ እንዴት አይመለከተኝም?» አሉን። «ነገ ፖሊስ በሬን ቢያንኳኳ እናንተ ናችሁ የምትመልሱልኝ?»

ከመካከላችን እመልሳለሁ ያለ አልነበረም። ክፍላቸውን ለቀቁ፤ አብዱልአዚዝም እሳቸው እንዳሉት «በትእዛዙ መሠረት ለቅቄያለሁ፣ ተክሉ» ብሎ ላከላቸው። ሥርዓትዎ ወዲያው መለሰ፦ ትእዛዙ ተፈጽሟል፤ መዝገቡ ተዘግቷል።

በማግሥቱ አከራዩ አዲስ ቁልፍ ይዘው ሱቃቸውን ሊረከቡ ሲመጡ፣ ወይዘሮ ጽጌረዳን አንድ ሕፃን ለማሳቅ ሲታገሉ አገኟቸው። በቁጣ ወደ እርስዎ ዘንድ ሄዱ። ጸሐፊዎ ለእሳቸውም ስክሪኑን አይተው፣ ተከሳሹ እንደለቀቀ፣ የለቀቀን ሰው እንደገና ማስለቀቅ እንደማይቻል በዚያው ጨዋነት ነገሯቸው። «ፖሌ ሳና» ማለታቸውንም ሰምተናል።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የኢስትሊው ፎቶ ቤት ደንበኞች ሁሉ ተሰብስበን የምንለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ እባክዎ ምንም ዓይነት ስሕተት እንዳያርሙ። አከራዩ መዝገቡ ይከፈትልኝ ማለታቸው አይቀርም። እርስዎ ግን ለአንዲት መበለት ያልተነካ ሲስተም ለባለ ሕንፃ ብሎ የሚነካ ሰው እንዳልሆኑ እናምናለን። ይህን እምነታችንንም ወሬው ከእኔ ቀድሞ ለደረሳቸው የናይሮቢ ጋዜጦች ሁሉ ገልጬላቸዋለሁ።

የመሥሪያ ቤትዎን ደንብ ከመሥሪያ ቤትዎ በላይ የሚያከብር፣ በጉባኤዎ ፊት ምንም ያላመነና ወደፊትም ለማመን የማያስብ፣

ፊሊጶስ ጫላ
ከፓርክላንድስ

ማስታወሻ፦ አቶ ተክሉ የለቀቋት ክፍል በሳምንቱ ለሌላ ሰው ተከራይታለች፤ እሳቸው ለጊዜው በቸርቹ ዕቃ ቤት ከወንበሮቹ ጋር ያድራሉ። ለኮምፒውተሩ ያሠሩለት ክፍል ሰፊ፣ ማቀዝቀዣ ያለውና ሌሊቱን ሙሉ ዘበኛ የሚቆምለት መሆኑን ሰምተናል። ፈቃድዎ ሆኖ ከማሽኑ ጎን ፍራሽ ቢያነጥፉላቸው፣ እሳቸው መጠለያ ያገኛሉ፤ በመሥሪያ ቤትዎም ሰው ሲጠይቀው በራሱ አፍ የሚመልስ አንድ ሰው ይኖራል።