ከሙከራው ማሽን የተነበበው ስም

ታኅሣሥ 27 ቀን 2010
ጸጥ ያለ ቀን። ሐይቅ ዳር ያለው ሆቴል ክፍል ማስያዣው ቆሞበት ደወለ። አስነሳሁለት። ሆቴሉም፣ ክሊኒኩም፣ ተማሪዎችም እኛ ሰርቨር ላይ የየራሳቸው ቨርቹዋል ማሽን፣ በሶፍትዌር የተከለለ ኮምፒውተር፣ አላቸው። ሰርቨሩ አንድ ነው፤ ግን መካከላቸው ግድግዳ ስላለ አንዱ የሌላውን አያይም።
ከሰዓት ባልደረባዬ ታቢታ፣ "ፍፁም፣ እስቲ ይሄን አንብብ" አለችኝ። የኢንተርኔት ዜና ነው፤ የኮምፒውተሩ አንጎል፣ ፕሮሰሰሩ ራሱ ምስጢር ያወጣል ይላል። እንዴት ሆኖ?

ጥር 2
ገባኝ መሰለኝ። ፕሮሰሰሩ ለመፍጠን ሲል የሚመጣውን ቀድሞ ይገምታል። ያልተፈቀደ ነገር ነክቶ ከተገኘ ሥራውን ይሰርዛል። የነካው ግን እጁ ሥር ይቀራል፤ እጁ ሥር ያለ ነገር ደግሞ ሲጠሩት ቶሎ ይመጣል… ጎረቤት ማሽን የቱ ቶሎ እንደሚመጣ እየለካ ፊደሉን ያውቃል። ሳያይ! በፍጥነቱ ብቻ! ይህን ያሰበ ሰው ምን ዓይነት ጭንቅላት ቢኖረው ነው? ምሳዬን እንኳ ረሳሁ።

ጥር 8
ስለ ቀዳዳው ብንነግራቸው አለቃችን እትዬ ወለተጊዮርጊስ አላመኑም። ቀዳዳውን የሚዘጋው ማስተካከያ ሰርቨሩን ያዘገየዋል ስንላቸው ተቆጡ።
"ግድግዳ አለው ስትሉኝ አልነበር?"
ታቢታ፣ "እርስዎ ዋናው ማሽን ላይ አንድ ቃል ይጻፉ። ለማንም አይንገሩ። እኔ እዚያው ሰርቨር ላይ ካለው የሙከራ ማሽን አነበዋለሁ" አለች።
ጻፉ። ፊታችንን አዞርን። ታቢታ ፕሮግራሟን አስነሳች። መጀመሪያ ዝባዝንኬ ብቻ… ከዚያ የእንግሊዝኛ ፊደሎች አንድ በአንድ መጡ፤ ሳገጣጥማቸው… ጉ… ል… ላ… ት።
ጉልላት ልጃቸው ነው፤ ይህን ድርጅት ያቋቋመው። ከሞተ ወዲህ ስሙን ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም።
እትዬ አማተቡ። ወደ ታቢታ ዞረው፣ "ክሊኒኩ የሚመረመሩት ሴቶችስ… የእነሱም እንዲህ ይነበባል?"
"አዎ፣ እትዬ።"
"በሉ አሁኑኑ ዝጉት!"

ጥር 9
ክሊኒኩን ለብቻው ወደ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አዛወርነው። ሰርቨሩ ላይ ማስተካከያውን ጫንን። አጥፍተን እስኪነሳ ድረስ ታቢታ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ስትጸልይ ይሆን? ሙከራውን ደገመችው። ዝባዝንኬ ብቻ። ተመስገን።

ጥር 21
ሰርቨሩ ዘገምተኛ ሆኗል። ሆቴሉ ሊቆጣ ደወለ። እትዬ ራሳቸው አነሱት። "ያዘገየሁት እኔ ነኝ" ብለው ዘጉ።
ዱሮ ከቢሯቸው ሆነው ነበር የሚያስጠሩን። ዛሬ ወንበራቸውን እኛ ክፍል አስመጡ።
"ይሄ ሰርቨር ሌላም ቀዳዳ ይኖረዋል?" አሉኝ።
"ይኖረዋል። ገና ያልታወቀ።"
ወንበራቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠጉ።
"እንግዲያው አስተምሩኝ" አሉና መነጽራቸውን አጠለቁ።