የሚገማው ጋዝና የእትዬ ጣቶች

ጥቅምት 8
ዛሬም የተበላሸ እንቁላል ሸተትኩ። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ገልመጥ አድርጋኝ መስኮት ከፈተች። ምን ልበላት? ላብራቶሪ ውስጥ የሚገማ ጋዝ ነው የማጠናው ልበል?
ታላቅ እህቴ እትዬ በር ላይ አፍንጫዋን ይዛ፣ "መጣች የገማችው!" አለች። ሳቅን። ከዚያ ቁልፉን ማዞር አቃታት። ጣቶቿ እንዳበጡ ናቸው... ልብስ ሰፊ ያለ ጣት ምን ትሆናለች?

ጥቅምት 11
"ደግሞ ግማት ይጠናል?" አለች እትዬ። አስረዳኋት። ይሄንን ጋዝ ሰውነታችን ራሱ በጥቂቱ ይሠራዋል። ነጭ የደም ሴሎች የታመመ ቦታ ላይ ሲንጋጉ ቀስ በሉ ከሚሏቸው አንዱ ነው። ከሰል ጭስ ውስጥ ያለውን ጋዝም ቢሆን ሰውነት በጥቂቱ ይሠራል።
"ገዳዩን?"
"አዎ።"
"ታዲያ የእኔው ተኝቷል እንዴ?"
ያበጡ ጣቶቿን ዘረጋችልኝ።

ጥቅምት 19
ላብራቶሪ ውስጥ የሚገማውን ጋዝ ቀስ እያለ የሚለቅ ዱቄት አለን። የመሞከሪያ አይጦቻችንን የእግር እብጠት ቀነሰው! ምነው ለእትዬ ባልነገርኳት...
"ትንሽ አምጪልኝ። ለአይጥ የሰጠሽውን ለእህትሽ ትነፍጊያለሽ?"
አንጀቴን በላችው። አንዲት ብልቃጥ ብቻ... ማን ያያል?

ጥቅምት 26
ከጠቀመ ይብዛ ብለን ለአዲሶቹ አይጦች መጠኑን ጨመርን። እግራቸው ምንም ካልተሰጣቸው ብሶ አበጠ። ለካስ ያው ጋዝ ሲያንስ ያበርዳል፣ ሲበዛ ያቀጣጥላል። ለሰው ልኩ የቱ ነው? እኛ አናውቅም።
ብልቃጡ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ለእትዬ ልወስደው ነበር! ወዲያው አውጥቼ ቦታው መለስኩት።

ጥቅምት 27
"አላመጣም" አልኳት። ምክንያቱንም ነገርኳት።
"ጨካኝ።"
እራት ብቻዬን በላሁ። ከፋኝ።

ኅዳር 3
ኩርፊያው አልበረደም። የመገጣጠሚያ ሐኪም ጋ ቀጠሮ አስያዝኩላት።
"አልሄድም።"
"አብሬሽ እገባለሁ።"
አፍንጫዋን ያዘች። "ታጥበሽ ከሆነ።"
ተመስገን፣ ታርቀናል።

ኅዳር 9
ሐኪሟ ደሟን አስመርምራ መድኃኒት አዘዘችላት። "ወራት ይፈጃል፣ ታገሺ።" እትዬ መንገዱን ሙሉ አጉረመረመች። እኔም ፈራሁ። ባይሠራስ?

የካቲት 14
የሰፋችውን ቀሚስ አይቼ፣ "እጅጌው ተጣመመ" ብዬ ነካካኋት።
"አንቺ ነሽ የተጣመምሽው!" ብላ ጀርባዬን በጥፊ አጮለችኝ። ወይኔ፣ አቃጠለኝ! ብርጭቆ በሁለት እጇ ስትይዝ የከረመች ሴት...
እንባዬ መጣ። ደነገጠች።
"ውይ፣ አሳመምኩሽ?"
"በጣም። እስቲ ድገሚኝ።"