የገናውን በግ ማን ያርደዋል?

ታኅሣሥ 25፣ ከሰዓት

በጉ የልጄን ካልሲ ከገመድ ላይ አውርዶ በላ። ሁለተኛው ነው። ባለቤቴ ጌታሁን ከደሴ ገበያ በሚኒባስ ሲያመጣው ጭምት ይመስል ነበር። የኮምቦልቻ ሙቀት እንደ እኔ አናቱ ላይ ወጥቶበት ይሆናል። ጎጃም እናቴ አሁን ጋቢ ደርባለች። እኔ እዚህ ሹራቤን አውልቄ አራግባለሁ።

ሻንጣው አልጋ ሥር ነው። ከጌ. ጋር የተስማማነው እስከ ገና ነው። አገሩን ካልለመድኩ ልጄን ይዤ እናቴ ጋ። ከመጣን ሦስት ወር ሙሉ ሰው አልለመድኩም። ዛሬ ግን ደፍሬ አከራያችንን እትዬ ዘሀራንና ባላቸውን ጋሽ ሙሄን ለገና ምሳ ጠራኋቸው። እሺ አሉ። ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ታኅሣሥ 26፣ ጠዋት

ደስታዬ አላደረም። ለጌ. ስነግረው እጁን ከትሪው ሰበሰበ። እኛ ያረድነውን ሙስሊም እንደማይበላ ጠፍቶሽ ነው? አለኝ። አልጠፋኝም። እናቴ ቤት ለገና የሚጠራው ዘመድ ብቻ ነበር፤ ማን አረደው ብሎ ማሰብ አልለመደብኝም። ምሳው ቀርቷል በያቸው አለ። አልልም አልኩ። ተኮራረፍን።

ታኅሣሥ 28፣ 5 ሰዓት

ይባስ ብሎ የጌ. ፈረቃ ተቀየረ። ነገ እስከ 8 ሰዓት ፋብሪካ ነው። የማውቃቸው የሥራ ጓደኞቹም ወይ አብረውት ይገባሉ፣ ወይ አገራቸው ሄደዋል። አራጅ የለንም። ጋሽ ሙሄ ቢሆኑ አንድ አፍታ ነው፤ እሳቸው ያረዱትን ደግሞ እኛ አንበላም።

7 ሰዓት

ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። ደብተሬ፣ ለአንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? ጋሽ ሙሄ ይረዱ። እንግዶቼም ይብሉ። ለጌ. የቤተ ክርስቲያን ሰው አረደልን እለዋለሁ። እኔ ሆዴን አመመኝ ብዬ ሽሮ። ማን ያውቃል?

እኔ አውቃለሁ። ጌ. ይህን ሁሉ ቀን ጾሞ መጀመሪያ የሚጎርሰው ውሸቴን ሊሆን ነው። ልጄም እንደዚያው። በራሴ አፈርኩ።

10 ሰዓት

ሁለቴ በራቸው ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። በሦስተኛው ገባሁ። ሁሉንም ዘረገፍኩት፣ ክፉውን ሐሳብ ጭምር። እትዬ ዘሀራ ጎመን እየቀነጠሱ ሰሙኝ። «አብሽሪ ልጄ፣ አይዞሽ» አሉ። ወደ ጎመናቸው ተመለሱ። ጋሽ ሙሄ ጫማቸውን አድርገው ወጡ፤ ቀና ብለውም አላዩኝ። ተቀይመዋል። ነገ ብቻችንን ነን።

ታኅሣሥ 29፣ ገና፣ ጠዋት 2 ሰዓት

ጌ. ከቅዳሴ በቀጥታ ሥራ ገባ። በር ተንኳኳ። ጋሽ ሙሄ ናቸው። ከኋላቸው ነጠላ የለበሱ ሽማግሌ፣ ቢላቸውን በጨርቅ ጠቅልለው። አቶ ተሰማ ይባላሉ፣ የጋሽ ሙሄ የድሮ ወዳጅ፣ ክርስቲያን። ትናንት የወጡት ለካ ደጋን የምትባል ከተማ ድረስ ሄደው እሳቸውን ሊያመጡልኝ ነው። አቶ ተሰማ አማተቡ። ጋሽ ሙሄ ራቅ ብለው ቆሙ። በጉ ታረደ። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

9 ሰዓት

ጌ. ደረሰ። እትዬ ዘሀራም የራሳቸውን ድስት ይዘው መጡ፤ ጋሽ ሙሄ ያረዱት ዶሮ አለበት። ስጠራቸው እሺ ያሉትም ድስታቸውን አስበው ኖሯል። እዚህ አገር ጎረቤት የሚጠራራው እንዲህ ነው አሉኝ። «ወላሂ፣ ትናንት ስትደነግጪ ሳቄን ነው የዋጥኩት።» እንጀራው አንድ፣ ወጡ ለየብቻ። ጌ. ለጋሽ ሙሄ ተነስቶ እጅ አስታጠበ። ኩርፊያውን ረስቶታል። እኔም ልረሳለት ነው።

11 ሰዓት

ለእናቴ ደወልኩ። መቼ ትመጫለሽ አለች። አልመጣም፣ ለፋሲካ አንቺ ነይ አልኳት። ስትመጪም አዲስ ድስት ይዘሽልኝ ነይ፣ የእኛ ሥጋ ያልነካው። ኮምቦልቻ ድስት ጠፋ ወይ አለች። አልጠፋም፤ ከአንቺ እጅ እንዲሆን ፈልጌ ነው።

ሻንጣውን ከአልጋ ሥር አውጥቼ ልብሳችንን ቁም ሣጥን መለስኩ። ለፋሲካ የእነሱን ዶሮ ጋሽ ሙሄ ያርዱልኛል። ወጡን በአዲሱ ድስት የምሠራላቸው እኔ ነኝ።